ወደ ላይ የሚያይ መነጽር

የካቲት 3 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ ሰቆጣ

«ውድ ደንበኛችን፣ የዞርቬል ምርት ስለመረጡ እናመሰግናለን። ያቀረቡትን ቅሬታ መርምረን ችግሩ የአጠቃቀም መሆኑን ስላረጋገጥን ጉዳዩ ተዘግቷል። መነጽሩን ጠመንጃው ላይ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ በመቶ ሜትር ርቀት ሦስት ጥይት ተኩሰው ያስተካክሉት። መልካም አደን! ሊያ፣ የደንበኞች አገልግሎት።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ዛሬ የነነዌ ጾም የመጀመሪያ ቀን ባይሆን ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈው ሌላ ነበር።

ጠመንጃ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። የገዛሁት ሌቭል ነው፤ በሦስት እግር ላይ ቆሞ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ የሚለካ መነጽር። ዞርቬል ርካሽ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ሲሠራ የኖረ ኩባንያ ነው፤ ሌቭል መሥራት የጀመረው በቅርቡ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወኪሉ ቅሬታ የሚቀበለው በቴሌግራም ነው። ቅሬታዬን በሁለት ገጽ፣ በተራ ቁጥር፣ ከመለኪያ ሠንጠረዥ ጋር ነበር የላክሁት። «ቦይ» የሚለው ቃል አሥራ አራት ጊዜ አለበት። «ጥይት» የሚል የለበትም።

ነገሩን ለራሴ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፤ ስናደድ ቅደም ተከተል ይጠፋብኛል። ፃግብጂ ውስጥ በተወለድኩባት መንደር ሠላሳ ስምንት አባወራ ከወንዙ ቦይ ጠልፎ በበጋ ሽንኩርት ለመትከል ተስማማ። እኔ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁት ይኼንኑ ነው። የምሠራበት ጽሕፈት ቤት አሮጌ ሌቭል በጦርነቱ ጊዜ ስለጠፋ ይኼኛውን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ከጥምቀት እስከ አስተርዮ ማርያም ባሉት ቀናት ችካል እየተከልኩ መስመሩን አወጣሁ፤ ሰው በወንፈል ወጥቶ ከኋላዬ ቆፈረ። ስድስት መቶ አርባ ሜትር። ጥር 26 ውሃው ተለቀቀ። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሄደና ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ መጣበት መመለስ ጀመረ። ሕዝቡ ቦዩ ዳር ቆሞ ያያል። ማንም አልተናገረም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ችግኙ አሁንም መደብ ላይ ነው፤ ሴቶቹ በጄሪካን እየተመላለሱ ያጠጡታል። መጋቢት ከገባ ችግኙ ያረጃል፣ ወንዙም ይቀንሳል። ያለን አንድ ወር ነው።

የካቲት 4

መልስ ጻፍኩላቸው። በጨዋ ቋንቋ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ፦ «አገልግሎታችንን ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡታል?»

ኮከብ።

የካቲት 6

ኸሊል ሱቅ ሄድኩ። ዕቃውን ከአዲስ አበባ ያስመጣልኝ እሱ ነው። እኩያዬ ነው፤ ከአባቱ ጀምሮ እዚያችው ሱቅ ውስጥ ናቸው። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ወረወርኩት ማለት ይቻላል።

«ኸሊል፣ እዚህ ላይ ያለውን ሥዕል አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ። ጠመንጃና ቀንዳም አውሬ።»

«ታዲያ አንድ ነገር አልጠረጠርክም?»

«ወላሂ ደሞዝ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ቆንጆ ሴት አለች። ሳሙና ስትገዛ ሴትዮዋ የታለች ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ወጥቼ መንገድ ላይ ስደርስ ግን ትንሽ ሳቅኩ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ምስራቅ ሁለተኛውን የቅሬታ ደብዳቤ አነበበችልኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ የእኔንም ጽሑፍ እንደ ተማሪ ደብተር ነው የምታርመው። «ዳተኝነት» የሚለውን ሰረዘች፣ «ነውረኝነት» የሚለውንም ሰረዘች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣

«ሥራ ከመጀመርህ በፊት መሣሪያውን ፈትሸኸው ነበር? ይኼ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም» አለች።

እራት ቀረበ። ሽሮው ጥሩ ነበር።

የካቲት 9፣ እሑድ፣ መንደር

ሰው ፊት መቅረብ ስለከበደኝ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆምኩ። ሲወጡ ሁለት ሰዎች በኽምጣንጋ ይነጋገራሉ፤ ከተማ ኖሬ ቋንቋውን የረሳሁ መስሏቸዋል። አንደኛው፣ «መነጽሩ ነው የተንጋደደው ይላል» አለ። ሌላኛው፣ «መነጽሩን ማን ያዘው?» አለው።

አያ ገብረ አምላክ ቦዩ ዳር አገኙኝ። የውሃ አባት ናቸው፤ ውሃ ለማን በየትኛው ቀን እንደሚደርስ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። በመጀመሪያው ቀን፣ «የጠለፋውን አፍ ከላይ ከቋጥኙ ሥር ብናደርገው» ብለውኝ ነበር። አያስፈልግም አልኳቸው። መሣሪያው አያስፈልግም ስላለ ነው። መሣሪያው ነው ያለው።

ዛሬ ስለ ቋጥኙ አላነሱም። ስለ ምስራቅ ጤንነት ጠየቁኝ።

የካቲት 10

ከዞርቬል፦ «ለማጣራት እንዲረዳን ጥይቱ ዒላማው ላይ ያረፈበትን ፎቶ ይላኩልን።»

ውሃው የቆመበትን ቦይ ፎቶ ላክሁ። ሦስት ፎቶ። በአንዱ ላይ አያ ገብረ አምላክ ከዘራቸውን ውሃው ውስጥ ሰክተው ቆመዋል።

ከሰዓት በኋላ፦ «በፎቶው ላይ ዒላማ አይታይም።»

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ደወልኩ። ለሃያ ስድስት ደቂቃ ሙዚቃ። በመጨረሻ ሰው አነሳ። ሊያ ራሷ ናት። የልጅ ድምፅ ነው ያላት፤ ጉንፋን ይዟታል።

«አባቴ፣ ይቅርታ፣ የጠመንጃው ሞዴል ምንድን ነው?»

«ጠመንጃ የለም። ሌቭል ነው። ቦይ ነው የምቆፍረው።»

«እሺ። እዚህ የተሰጠኝ ቅጽ ላይ ግን የጠመንጃ ብቻ ነው ያለው። ጠመንጃ ካልሞላሁ ወደ ሚቀጥለው አያልፍልኝም።»

«እና ለእኔ ሲሉ ጠመንጃ ሞሉልኝ?»

«ምን ላድርግ አባቴ? ባዶ ብተወው ቅሬታዎ ራሱ ይጠፋል።» ሳል አቋረጣት። ከዚያ፣ «ቆይ፣ በእጄ ልጻፈውና ለኃላፊዬ ልስጠው። ዕቃውን ከካርቶን ሲያወጡት ፈትሸውት ነበር?»

መስመሩ ተቋረጠ።

የካቲት 14

መስመሩ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ይኼን ደብተር የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ለማን ነው የምዋሸው?

አልፈተሽኩትም። ማንኛውም ሌቭል ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሁለት ችካል ፈተና ይደረግለታል። ሁለት ችካል ትተክላለህ፤ መሣሪያውን መጀመሪያ መካከላቸው፣ ቀጥሎ ከአንዱ አጠገብ አቁመህ ትለካለህ። ሁለቱ ልኬቶች ካልተስማሙ መነጽሩ ተንጋዷል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለአዲስ ተቀጣሪ ባለሙያዎች ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያልተፈተነ ሌቭል ይዞ ሜዳ የወጣውን አንዱን ልጅ በሰው ፊት አዋርጄ ወደ ቢሮ መልሼዋለሁ።

ጥር 13 ማለዳ ስደርስ አርባ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ቆሟል። የወንፈል ቀን እንደ ሌላ ቀን አይደለም። ዛሬ ለቦዩ የወጣ ሰው የራሱን ማሳ ትቶ ነው፤ ያቺ ቀን ተቆጥራ ትመለስለታለች፤ ግማሿ ከባከነች ያቺን ግማሽ ማን ይመልስለታል? ማርያም ሳትገባ ያለን ስምንት ቀን ነው፤ በበዓልና በሰንበት መሬት አይቆፈርም። ሜትር ዘንጉን የያዘችው የሻሽወርቅ፣ «አያ ደሞዝ፣ ፀሐይ እኮ እኛን አትጠብቅም» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የመንደሩ የመጀመሪያ ሰው ነኝ። አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ካርቶን። አርባ ሰው አቁሜ ሜዳ ላይ ሁለት ችካል እየተከልኩ «ይኼ ይሠራ እንደሆነ ልይ» ማለት አፈርኩ።

ይኼው ነው። ከጊዜው ይልቅ ያሸነፈኝ እፍረቱ ነው።

ኩባንያው የተበላሸ ዕቃ ሸጠልኝ፤ ይኼ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልመልስም። ግን ሦስት መቶ ሜትር ላይ የቆመው ውሃ እኔንም ያውቀኛል።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ፈተንኩት። ሰቆጣ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ። ዘንጉን ምስራቅ ያዘች።

«ቀጥ አድርጊው።»

«ቀጥ ነው። አንተ ነህ የጎበጥከው።»

በስልሳ ሜትር አሥራ ስምንት ሳንቲም ወደ ላይ ያያል። በሜትር ሦስት ሚሊሜትር ማለት ነው። እኔ ቦዩን በሜትር ሁለት ሚሊሜትር ወደ ታች እየወሰድኩ ነበር። ስለዚህ ወደ ታች የሄድኩ መስሎኝ በየሜትሩ አንድ ሚሊሜትር ወደ ላይ ወጥቻለሁ። ውሃው ትክክል ነበር። ከእኛ መካከል ትክክል የነበረው ውሃው ብቻ ነው።

ምስራቅ ቁጥሩን አይታ «እንግዲህ ጣለው» አለች። አልጥለውም! ስህተቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ አይወላውልም። ሌቭሉን ሁልጊዜ በሁለቱ ነጥቦች መካከል እኩል ርቀት ላይ ካቆምኩት፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እኩል ይሳሳታል፤ ሲቀናነስ ስህተቱ ይጠፋል። ተማሪ ሳለን መምህራችን ሁልጊዜ መካከል ላይ አቁሙ የሚሉት ለዚህ ነበር። እኔ ግን ለመፍጠን ብዬ አንድ ቦታ አቁሜ እስከ ሰማንያ ሜትር ወደ ፊት ብቻ ስመለከት ነበር።

ይቻላል። መነጽሩ እንደተንጋደደ ይቻላል።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ። ከዞርቬል፦ «ዕቃውን በራስዎ ወጪ ወደ አዲስ አበባ ይላኩ። ከአሥራ አምስት የሥራ ቀናት በኋላ ውጤቱ ይገለጽልዎታል።»

ኸሊል ካርቶኑን እየገለበጠ አየው። «ጠመንጃ የተሳለበት ካርቶን አውቶቡስ ላይ ጭነህ በዚህ ጊዜ ኬላ ልታልፍ? እኔ ቀንዳሙ አውሬ ነኝ ብለህ ልታስረዳ ነው?» አለኝ።

አልልክም። ብልክስ በምን እለካለሁ?

የካቲት 19

አዲሱን መስመር ከየሻሽወርቅ ጋር ለካሁ። ሌቭሉ ሁልጊዜ መካከል። ርቀቱን በገመድ። እያንዳንዱን ነጥብ ሁለት ጊዜ። ቀስ ይላል፤ ይሂድ።

ከሰዓት በኋላ የፈራሁት መጣ። አሁን ባለው ጠለፋ ውሃው ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የእሷ ማሳ ከውሃው ሰባ ሳንቲም ከፍ ይላል። ከሠላሳ ስምንቱ ውሃ የማይደርሳት እሷ ብቻ ናት። ሁለቱም ልጆቿ ዓረብ አገር ናቸው፤ ያን ማሳ የምታርሰው ራሷ ናት። በጥር ግን፣ «ካንቺ ማሳ ላይ ይተርፋል» ብያት ነበር።

ነገርኳት። ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አጋደመችው።

«እንግዲህ ይኼን ሁሉ ቀን ዘንግ ይዤ የተገተርኩት ለሰው ማሳ ነዋ።»

«ስህተቱ የእኔ ነው።»

«የመነጽሩ ነው ብለው አልነበር?»

«የመነጽሩም ነው። የእኔም ነው። ሳልፈትሸው ነው የጀመርኩት።»

አየችኝ። ሳቀች። «እንዲህ ሲሉ ሰምቼዎት አላውቅም አያ ደሞዝ። ይድገሙት እስቲ።»

አልደገምኩትም። ለእሑድ አቆየሁት።

የካቲት 23፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም ቦዩ ዳር ሰበሰብኳቸው። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ተረሳኝ። መነጽሩ የተበላሸ እንደነበር፣ መፈተሽ እንደነበረብኝ፣ እነሱ ቆመው ሲያዩኝ አፍሬ እንዳልፈተሽኩ ነገርኳቸው። መስመሩ ሁሉ እንደ አዲስ መቆፈር አለበት፤ ከቀድሞው የሚጠቅመን ሃምሳ ሜትር ብቻ ናት። ይኼ ሁሉ ደግሞ በጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ።

አያ ገብረ አምላክ፣

«ይኼን ለማለት አንድ ወር ጠበቅህ?» አሉ።

«አዎ።»

«እኛ ውሃው የቆመ ቀን አውቀነዋል እኮ። አንተ እስክታውቀው ነው የጠበቅነው።»

ሰው ሳቀ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ እኔም ሳቅኩ።

«ቋጥኙስ?» አልኳቸው።

«ቋጥኙ እዚያው አለ። የት ይሄዳል።»

ወጥተን ለካነው። ቋጥኙ ከቀድሞው ጠለፋ ዘጠና ሜትር ወደ ላይ ነው፤ አንድ ሜትር ከአሥር ከፍታ ይሰጠናል። ከዚያ ላይ የዘጠና ሜትሩ ቁልቁለት አሥራ ስምንት ሳንቲም ይበላል። ከየሻሽወርቅ ማሳ ላይ ሃያ ሁለት ሳንቲም ይተርፋል! ሦስት ጊዜ አሰላሁት። እሳቸው ይኼን በጥር በዓይናቸው አይተውታል።

የወንፈሉን ቀን በተመለከተ አንዱ፣ «የባከነውን ቀን ማን ይመልስልናል?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከእኔ በፊት የሻሽወርቅ መለሰች፦ «አያ ደሞዝ ዶማ ይያዙ፤ ያኔ እንቆጥርላቸዋለን።»

የካቲት 24

ያዝኩ።

የካቲት 25

እጄ ተላጠ። እስክሪብቶ አልያዝ አለኝ። ዛሬ ዘጠና ሜትር።

የካቲት 28

ዛሬ መቶ አሥር ሜትር። ትናንት መድኃኔዓለም ነበር፤ ተኛሁ፤ እንደ ሬሳ። አንዱ ወጣት፣ «ኢንጂነሩ የሚቆፍረው ቀጥ ያለ ነው፤ መነጽር ስለሌለው ነው» አለ። ዶማዬን አቁሜ «ልክ ነህ» አልኩት።

መጋቢት 2

ቢቆምስ? ትናንት ልደታ ስለነበረች ሥራ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥሮቹን ስደምር ዋልኩ። ይስማማሉ። ጥርም ላይ ተስማምተው ነበር። አይ፣ ጥር ላይ አልፈተንኩም፤ አሁን ፈትኛለሁ። ልዩነቱ ይኼ ነው። ይኼን እየደጋገምኩ ለራሴ እነግረዋለሁ።

የችግኙ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ነገ አቦ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማለቅ ነበረበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ።

አያ ገብረ አምላክ አፉን ራሳቸው ከፈቱት። ውሃው ድፍርስ ሆኖ፣ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል እየገፋ መጣ። እኔ ከፊቱ ከፊቱ ሄድኩ፤ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ፣ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ፤ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሦስት መቶ ሜትር ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ ቦዩ ተጠጋ። እዚያ ቦታ ላይ ውሃው ትንሽ ዘገየ፣ የተቆፈረው አፈር ጠጣው፣ ሞላ፣ ከዚያ አለፈ። እልል ያለችው ማን እንደሆነች አላየሁም፤ ዓይኔ ላይ አቧራ ነበር።

የሻሽወርቅ ማሳዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ውሃው ደርሶ እግሯን ሲነካት አልተነሳችም።

«ደረሰ?» አልኳት፤ እያየሁ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ።

አያ ገብረ አምላክ የመጀመሪያውን ተራ ለእሷ ሰጡ። ማንም አልተቃወመም። ለእኔ ደግሞ፣ «ያቺን መነጽር ለከርሞም አምጣት፤ ጠባይዋን አውቀናታል» አሉኝ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ፣ ሰቆጣ

ከሠላሳ ስምንቱ ሠላሳ አንዱ ተክለው ጨርሰዋል፤ የቀሩት እስከ ሐሙስ። ከችግኙ የሞተው ጥቂት ነው። እጄ ድኗል። ዛሬ ከዞርቬል፦ «ቅሬታዎ በአጥጋቢ ሁኔታ መፈታቱን ስንገልጽ ደስ ይለናል።»

ማን ፈታው?

ምስራቅ «ተወው፤ ውሃው ሄዷል» ትላለች። ለእኛ ሄዷል። ግን ይኼ ዕቃ ተከታታይ ቁጥር አለው፤ ከእኔ በፊትና በኋላ የወጡ ስንት አሉ? አንዱን ይዞ አንድ ቦታ ቦይ የሚቀይስ፣ የትምህርት ቤት መሠረት የሚያወጣ ሰው ይኖራል። እሱም በሰው ፊት አፍሮ ሳይፈትሽ ጀምሮ ይሆናል።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

የመጨረሻው ደብዳቤ። ከፖስታ ቤት በሪኮማንዴ የሚላክ፤ ቅጂው ይኼ ነው። ምስራቅ አርማዋለች፤ የሰረዘችው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ለዞርቬል ኦፕቲክስ ወኪል፣ አዲስ አበባ።

የሸጣችሁልኝ ሌቭል በሜትር ሦስት ሚሊሜትር ወደ ላይ ያያል። የፈተናውን ውጤት አያይዣለሁ። በዚህ ምክንያት ሠላሳ ስምንት አባወራ አንድን ቦይ ሁለት ጊዜ ቆፍሯል። መሣሪያውን ከመጠቀሜ በፊት አለመፈተሼ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይኼንን ጉዳቱ ለደረሰባቸው ሰዎች በአንደበቴ ተናግሬ ዶማ ይዤ ከፍያለሁ። የእናንተ ድርሻ ግን ገና አልተነገረም።

ገንዘቤን እንድትመልሱ አልጠይቅም፤ መሣሪያውን ጠባዩን አውቄ እየሠራሁበት ነው። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ይኼ መሣሪያ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማን፣ መቼ፣ በምን እንደፈተነው አሳውቁኝ፤ ካልተፈተነ አልተፈተነም በሉ። ከዚሁ ምድብ ለገዙ ሁሉ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እንዲፈትሹ አስጠንቅቁ፤ ማስጠንቀቂያውንም በግልባጭ ላኩልኝ። ለሠራተኛችሁ ለወይዘሪት ሊያ ደግሞ ጠመንጃ የሌለው ሰው ቅሬታ የሚሞላበት ቅጽ ስጧት፤ ከመካከላችሁ የሚገባውን ጥያቄ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ስልኩን የዘጋሁባት እኔ ስለሆንኩ ይቅርታዬን አድርሱልኝ።

መልሳችሁን በስልክ ወይም በቴሌግራም አልቀበልም። ስም፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት የጽሑፍ መልስ እስከ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰቆጣ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።

ደሞዝ ወልደ ሐዋርያት፣ የመስኖ መሐንዲስ።»